የተረፈችው አንድ ኪሎ ሜትር

ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር
ሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለጥድፊያ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እግርሽስ? አሁንም በጀሶ ታሽጎ ትራስ ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጧል? እኔ ደኅና ነኝ፤ ደኅና የሚለው ቃል እንኳ ያንሰኛል።

ገና ከሳይክሌ ሳልወርድ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት «ከእርስዎ ቀድሞ የመጣ አለ» ብላ ካርድሽን ሰጠችኝ። ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ «አዎ» ነው። ለሁለተኛውም «አዎ»። ሦስተኛውን ግን አልመልስም፤ ስድሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ካልሲውን በስንት ቀን እንደሚቀይር ለእህቱ ልጅ ሪፖርት አያደርግም። ስልኬን በተመለከተ፣ መሳቢያው ውስጥ የቀረው ተረስቶ አይደለም። አንቺ በየዳገቱ እየደወልሽ «የት ደረሱ?» እንድትይኝ አልፈልግም።

ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ሳይክል ጠግኜ «በል መልካም መንገድ» እያልኩ ከሱቄ በር ላይ ሸኝቻለሁ። መንገዱ መልካም ይሁን አይሁን ግን ሄጄ አይቼው አላውቅም ነበር። ልጄ፣ መልካም ነው! ኮረብታው ተራ ይዞ እንደሚቆም ሰው አንዱ ካንዱ ትከሻ ኋላ አንገቱን ያሰግጋል። በየጫፉ ወይ ግንብ አለ፣ ወይ የግንብ ስባሪ አለ። መንደሮቹ ከድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ በሮቻቸው አጫጭር ስለሆኑ ሁለት ጊዜ ግንባሬን መትቻለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ በምጽፍልሽ የመንገድ መጽሐፍ ላይ አስፍሬልሻለሁ፦ «ረጅም ሰው ከሆንክ እዚህ ጎንበስ በል፤ አጭር ከሆንክም ለክብርህ ጎንበስ በል።»

ከሁለተኛው ዳገት ሥር ሁለት ጎረምሶች ደረሱብኝ። ልብሳቸው ቢጫ፣ ቆባቸው ቢጫ፣ ካልሲያቸው ቢጫ። አንደኛው «አባባ፣ ልግፋዎት?» አለኝ። «አይ ልጄ፣ አንተ ቅደም፤ እኔ ትንፋሼን ቆሜ እየጠበቅኩት ነው» አልኩት። ሲያልፉ የአህዮቹን አቋራጭ ይዤ፣ ሳይክሌን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቀጥ ብዬ ወጣሁ። እያለከለኩ ጫፍ ሲደርሱ እኔ የግንቡ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ፖም እየገመጥኩ «ምነው ቆያችሁ? ጎማ ፈነዳባችሁ?» አልኳቸው። አንደኛው እስካሁን እያሰበበት ይመስለኛል።

ጨዋታው እንዳለ ሆኖ ሥራውን አልረሳሁም። ሥራ አስኪያጅሽ እስከ ኅዳር 1 ቀን የመንገዱ መጽሐፍ እጁ ካልገባ አሥራ ሁለቱን እንግዶች በወንዙ ዳር ባለው ሜዳ መንገድ እንደሚልክ፣ አንቺንም ወደ ቲኬት መቁረጫው መስኮት እንደሚመልስ አውቃለሁ። አስጎብኚ ሰው ከተራራ ላይ ቢወድቅ ያምርበታል፤ አንቺ ግን ከቢሮሽ ደረጃ ላይ ወድቀሽ ቁርጭምጭሚትሽን ሰበርሽ። እናትሽ ሰው ሲጠይቃት «ተራራ ላይ ነው» እያለች ነው። እኔም መስክሬያለሁ።

ስለዚህ እኔ መንገድሽን እነዳለሁ፣ አንቺ ሱቄን ትጠብቂያለሽ። እያንዳንዱን መታጠፊያ፣ ዳገት፣ ውሃ ያለበትን ቦታ እጽፋለሁ። ቆጣሪዬም በትክክል እየሠራች ነው፤ የፊት ጎማዬ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር «ቀጭ» ትላለች፣ እኔ ማታ ማታ የ«ቀጭ»ዋን ብዛት በሁለት ሜትር ከሃያ አባዛለሁ። የዛሬው አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው።

ለጡረተኛው ዳኛ ነፋስ በነፃ እንዳትሞዪለት። የሚመጣው ለወሬ ነው።

አጎትሽ

*

ከሱቁ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 5 ቀን

ይድረስ ለተከበሩት ጋሼ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ደብዳቤዎን የአውቶቡሱ ሾፌር እዚሁ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሰጠኝ፤ እርስዎ መንገድ ላይ አስቁመው «ለእህቴ ልጅ፣ ለአንካሳዋ» ብለው እንደሰጡትም ነገረኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ ሱቁ ሳይጠይቁኝ ልመልስ፦ አዎን፣ አልተቃጠለም። አይደለም፣ መፍቻዎቹን አላቀያየርኩም። ስድስት ቁጥሩን ግን አላገኘሁትም፤ ኪስዎን ይፈትሹ። ደንበኞቹ «ጋሼ ጎማ የት ሄዱ?» ሲሉኝ «ለጉብኝት» እላቸዋለሁ፤ ማንም አያምንም። ዳኛው «ታሞ ነው፣ አትደብቂኝ» ብሎ ብርቱካን ይዞ መጣ። ብርቱካኑን በልቻለሁ። ነፋስም በነፃ ሞልቼለታለሁ።

በርጩማዎ ላይ ተቀምጬ፣ ጀሶዬን ሣጥን ላይ ሰቅዬ፣ ትናንት አራት ፍሬን አስተካከልኩ። አንደኛው ፍሬን ሲያዝ ደወሉ ይጮኻል። እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ባለቤቱ ግን ወደደው።

የላኩልኝን ገጾች ከድሮው ካርታ ጋር አመሳከርኳቸው። ካርታው ላይ ከመንደር መንደር ያለው ርቀት ብቻ ነው የተጻፈው፣ ግን ትክክል ነው። እርስዎ አሥራ ስምንት ብለዋል፣ እሱም አሥራ ስምንት። የትናንቱም ሃያ ስድስት፣ ሃያ ስድስት። ጋሼ፣ እንደ ሰዓት ነው የሚሠሩት!

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። «ደስ የሚል»፣ «ግሩም»፣ «ልብ የሚሰውር» የሚሉት ቃላት በዝተዋል። እንግዶቹ ደስታውን ራሳቸው ያገኙታል። እርስዎ የሚያስጨንቀውን ይጻፉልኝ፤ የላላ ጠጠር፣ ድንገተኛ መታጠፊያ፣ ጥላ ውስጥ የተደበቀ ጉድጓድ። አሥራ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች እኔን አምነው ቁልቁለት ሊወርዱ ነው። በዚህ ላይ አይቀልዱብኝ።

አክባሪዎ፣
ጥድፊያ

*

ከሸማኔዎቹ መንደር
እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለጥድፊያ፤

ሰላም ላንቺ፣ ለጀሶሽና ለዳኛው። ስድስት ቁጥሩ መፍቻ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ይቅርታ። ጽሕፈቴ እንዲህ የተንጋደደው የማረፊያው ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ነው። እንዳንቺ።

ስለዘገየሁ አትቆጪ፤ እስካሁን ያልጻፍኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ረቡዕ ባለ ሦስት ማማው ግንብ ደረስኩ። ጥድፊያ፣ ይህን ግንብ ሳታዪ እንዳትሞቺ። መሐለኛው ማማ ላይ ደወል አለ፤ «አይነካም» የሚል ሰሌዳ ተንጠልጥሎበታል። አልነካሁትም። ገመዱን ነው የነካሁት። ድምፁ ሸለቆውን ሞልቶ ሲመለስ ታች ያሉት ሁለት ውሾች መለሱልኝ፣ ጥበቃውም መለሰልኝ። እሱ የመለሰልኝን አልጽፍልሽም።

ሐሙስ ከዚያ ወደ ወፍጮው መንደር ወረድኩ። ቁልቁለቱ ደስ የሚል ነው። (አውቃለሁ፣ ቃሉን አትወጂውም።) በመንገድ ላይ አንድ ንብ አናቢ ቤት አረፍ ብዬ ማር በላሁ፤ ሚስቱ ደግ ሴት ናት። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር።

ዓርብ ከወፍጮው መንደር እስከ ድንጋይ ድልድዩ፦ ሃያ ሁለት። ድልድዩ ላይ ሦስት ሰው ጎን ለጎን መንዳት ይችላል፤ አራተኛው ወንዝ ውስጥ ይነዳል።

ትናንት ከድልድዩ እስከዚህ፦ ሠላሳ ሦስት። ይህኛው ቀን ከባድ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ዳገት አለው። በመጀመሪያው ላይ ወርጄ ገፋሁ። በሁለተኛው ላይ ደግሞ እኔን የሚገፋኝ ሰው ፈለግኩ። ግን ጫፉ ላይ ስትደርሺ አምስት መንደር በአንድ ጊዜ ይታይሻል፤ የጣሪያው ሸክላ ቀይ፣ ጭሱ ሰማያዊ። ብቻዬን ስለነበርኩ ለሳይክሌ «አየሽ?» አልኳት።

በካርድሽ ስለ ጤንነቴ ደጋግመሽ ጠይቀሻል። በሬ ነኝ። ቀሪው መንገድ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ እስከ መጨረሻው ግንብና ከጀርባው እስካለው መንደር። መልስሽን እዚህ ጠብቄ በሦስት ቀን እጨርሰዋለሁ።

አጎትሽ፣ በሬው

*

ከሱቁ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ጋሼ፤

የት ላይ ነው የወደቁት?

ሰላምታውን ያስቀረሁት ስለተናደድኩ ነው፤ መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ።

ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት አሉኝ። ካርታው ሃያ፣ ሃያ፣ ሠላሳ ይላል። መጀመሪያ «ደክሟቸው ተሳስተው ነው» አልኩ። ኋላ ግን ሳየው ስሕተቱ ሥርዓት አለው፤ በየአሥሩ ኪሎ ሜትር አንድ ትርፍ። ሰው ሲደክመው እንዲህ በልክ አይሳሳትም።

ሱቅዎ ውስጥ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ከግድግዳው ላይ ትልቁን ጎማና ትንሹን ጎማ አወረድኩ። ወለሉ ላይ በጠመኔ አሠመርኩ። እኔ መራመድ ስለማልችል ዳኛውን አስጎንብሼ አንድ አንድ ዙር እንዲያንከባልል አደረግኩት፤ «በሕግ ፊት እንዲህ ሆኜ አላውቅም» እያለ አንከባለለ። ትልቁ ሁለት ሜትር ከሃያ ሄደ። ትንሹ ልክ ሁለት ሜትር።

እርስዎ ትንሽ ጎማ አስገብተው በትልቁ ጎማ ልክ ሲያባዙ ከርመዋል። የራሱን ቸርኬ እንደ ልጅ የሚያቅፍ ሰው ደግሞ ጎማውን የሚቀይረው ሲሰበርበት ብቻ ነው።

በሐሙሱ ሃያ ኪሎ ሜትር ላይ የተረፈችው አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። ስለዚህ አሥሩን በትልቁ ጎማ ሄደዋል፣ አሥሩን በትንሹ። ቁልቁለቱ መሐል ላይ፣ ንብ አናቢው ዘንድ። ማር ሊበሉ አልነበረም ማለት ነው። ጠረጴዛውም አንካሳ አይደለም፤ እጅዎ ነው።

ምን ያህል ተጎዱ? እውነቱን።

ያመመኝ ግን ሌላ ነው። ያንን ቁልቁለት «ደስ የሚል» ብለው ጻፉልኝ። እርስዎን የጣለ ቦታ ላይ «ደስ የሚል» ብዬ አሥራ ሁለት ሰው ልሰድ ነበር። አንዱ አንገቱን ቢሰብር ያ ቃል በእኔ እጅ ጽሕፈት ነው የሚገኘው።

እጅዎ የሚችል ከሆነ በአውቶቡስ ተመልሰው ቦታውን በእግርዎ ይዩልኝ። ምን እንደጣለዎት፣ ከስንት ሜትር ላይ እንደሚታይ፣ የት ላይ መውረድ እንደሚገባ። የማይችል ከሆነ ይምጡ፤ መንገዱ ይቅር።

ጊዜ አለን። ቀስ ይበሉ።

እንደምን ሰነበቱ?

ጥድፊያ

*

ከንብ አናቢው ቤት
ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን

ልጄ፤

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አፈርኩ። በሁለተኛው ዳኛውን ጎንበስ ብሎ ሳስበው ሳቅኩ። በሦስተኛው እንደገና አፈርኩ።

የቀኝ አንጓዬ ወለም ብሎ ነበር፤ የንብ አናቢው ሚስት አሽታ አሰረችልኝ፣ አሁን ድኗል። ጉልበቴ ተልጧል። ከዚህ ሌላ የተጎዳ ነገር ኩራቴ ብቻ ነው። እውነቱ ይህ ነው፣ አልጨመርኩም አልቀነስኩም።

ያ ቁልቁለት እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው። ስምንት ኪሎ ሜትር ሙሉ ፔዳል ሳትነኪ ያበርርሻል። ከፊት ለፊት ሌላ ግንብ ይወጣል፣ ፀሐይ ግድግዳውን ይመታዋል፣ አንቺ ደግሞ እሱን ታያለሽ። ግራና ቀኝ የተተከሉት ዛፎች ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ መንገዱም ከነሱ ጋር የሚሄድ ይመስልሻል። መንገዱ ግን ከድሮ መጠበቂያ ማማ ግድግዳ ኋላ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ መታጠፊያውም ላይ ደቃቅ ጠጠር አለ። እኔ በዚያ ሰዓት ሁለቱንም እጆቼን ከመሪው ላይ አንሥቼ ወደ ሰማይ ዘርግቼ ነበር። ማን ሊያየኝ? ንቦቹ።

አጥር ውስጥ ገብቼ ስጮኽ ንብ አናቢው መጥቶ አየኝና ለሚስቱ «ይኸውና፣ የዘንድሮው አራተኛ!» አላት። ሰምተሽኛል? አራተኛው ነኝ። የፊት ጎማዬ እንደ ብስኩት ታጥፎ ነበር። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ የተሰቀለች አሮጌ ሳይክል ነበረችው፤ ጎማዋን ፈትቶ ሰጠኝ። ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ። ጎሚስታ ነኝኮ! ማታ ሳባዛ ግን እጄ በለመደው አባዛሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት በቀን መቶ ጎማ የሚለካ ሰው የራሱን ጎማ ረሳ።

የደበቅኩሽ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። «ይመለሱ» እንዳትይኝ ፈርቼ ነው። ከዚያ ሱቅ ወጥቼ ማየት የጀመርኩት ገና በስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ባራተኛው ቀን ሊያልቅብኝ ሆነ። ይህ ግን ምክንያት እንጂ ይቅርታ አይደለም። አራት ሰው የወደቀበትን ቦታ «ደስ የሚል» ብዬ መጻፌ በደል ነው። ይቅር በይኝ።

ዛሬ መታጠፊያውን ስድስት ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁ፣ በእግሬ። ከሦስት መቶ ሜትር በፊት በግራ በኩል የተሰነጠቀ ነጭ ድንጋይ አለ። እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «ነጩን ድንጋይ ስታይ ቁም። ውረድ። ግንቡን ቆመህ እየው፣ አይሄድብህም። እስከ ማማው ድረስ በእግርህ ሂድ። በዚህ መታጠፊያ በአንድ ዓመት አራት ሰው ወድቋል፤ አራተኛው ይህን የጻፈው ነው።» ርቀቶቹንም ሁሉ አርሜያለሁ።

አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው። «ጊዜ አለን፣ ቀስ ይበሉ» አልሽ። አንቺ? ስትወለጂ እንኳ ከወሩ ቀድመሽ መጥተሽ እናትሽን ገበያ ላይ ያዋረድሽ ልጅ? ስምሽን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ፤ እኔን አታታልይም። የአውቶቡሱን ሾፌር ጠየቅኩት። «ደብዳቤውን ስቀበላት አንድ ክራባት ያሰረ ሰው እየጮኸ ነበር፤ ከሰኞ ሃያ አራት በኋላ አልጠብቅም ይላል» አለኝ። ሰባት ቀን ተቀንሶብሽ፣ አንድ ቀን ደግሞ እኔን ወደ ኋላ ልከሽ፣ «ጊዜ አለን» ትያለሽ!

እኔ መውደቄን ደበቅኩሽ፣ አንቺ ቀኑን ደበቅሽኝ። ከአንድ ዛፍ የወደቅን ፍሬዎች ነን። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመለሳለሁ። በዳገት እቸኩላለሁ፣ በቁልቁለት አልቸኩልም። ማልኩ።

ጋሼሽ

*

ከመጨረሻው ግንብ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 20 ቀን

ጥድፊያ! ጥድፊያ!

ሾፌሩ ከሥር ጥሩምባ እየነፋ ነው፤ አምስት ደቂቃ ለምኜዋለሁ። «መንገዱ ቀረብን እንዴ?» ላልሽበት አጭር ካርድ መልሱ፦ ቀርቶብን ነበር፣ አሁን ግን አልቀረብንም!

ማክሰኞ ስደርስ መንገዱ የለም። ከግንቡ ሥር ተጠማዞ ወደ መጨረሻው መንደር የሚያልፈው መንገድ ባለፈው ዓመት ዝናብ ተንዶ ገደል ገብቷል። በሌላ በኩል ለመዞር አርባ ኪሎ ሜትር በከባድ መኪና አውራ ጎዳና ነው። መንደሩ ደግሞ እዚያ ማዶ፣ ድንጋይ ብትወረውሪ የሚደርስ! እኔ መንገድ ዳር ተቀምጬ «ምን ብዬ ልጽፍላት ነው?» አልኩ።

ግንቡ ሸንተረሩ ላይ እንደ ቡሽ ተወትፏል። ወደዚህ አንድ በር፣ ወደዚያ አንድ በር አለው። የዚህኛውን በር የምትጠብቅ ሰባ ዓመት የሞላት ሴት አለች፤ ምላሷ ከኔ ይብሳል።

«እናቴ፣ የጀርባው በር አይከፈትም?» አልኳት።

«እናትህ ልሁን? አንተ ከኔ በስንት ታንሳለህና ነው?» አለችኝ። ከዚያ «ቁልፉ ውስጡ ተሰብሮ ቀርቷል፤ ሁለት ቁልፍ ሠሪ መጥቶ በመጋዝ እንቁረጠው አለኝ። አራት መቶ ዓመት የኖረ ቁልፍ በኔ ዘመን አይቆረጥም ብዬ አባረርኳቸው። አንተስ ምንድነህ?»

«ጎሚስታ።»

«ይኸው የቀረኝ ጎማ ነበር» አለች።

ሁለት ቀን ሠራሁ። የሳይክሌን ካቴና ዘይት በጠብታ አጠጣሁት። በሻማ አሞቅኩት፣ አቀዘቀዝኩት፣ እንደገና አሞቅኩት። ይዤው ከዞርኩት ከታጠፈው ጎማዬ ሽቦ መዝዤ አሹዬ፣ ጫፉን ቆልምሜ፣ እንደ ጥርስ ሐኪም ገባሁበት። እሷ በርጩማ ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ «አሁን ልትሰብረው ነው፣ አሁን ሰበርከው» ትላለች። ዛሬ ጠዋት ስባሪዋ ቁልፍ በሽቦዬ ላይ ተንጠልጥላ ወጣች። ቀሪው የደቂቃ ሥራ ሆነ። ሁለታችን በትከሻችን ስንገፋ በሩ እንደ ጥጃ ጮኸና ተከፈተ።

ሴትየዋ ቀድማኝ ወጣች። ከበሩ ታች ያለው የመጀመሪያ ቤት የእህቷ ነው። መንገዱ ከተናደ ወዲህ እሷን ለማየት ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ትሄድ ነበር። ቆማ ጣሪያውን አየችና እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ የእህቷን ስም ተጣራች። ከታች መስኮት ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ዘይቱ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ስትመለስ «ሳይክለኞችሽን አምጪ በላት» አለችኝ። የፈቃድ ደብዳቤ ጽፋ፣ በሥራ ዘመኗ ሦስት ጊዜ ብቻ የወጣ ማኅተም ከሣጥን አውጥታ፣ እፍ ብላበት መታችልሽ። እዚህ ውስጥ አለ። አስቢው፦ በአንድ በር ገብተው፣ በግንቡ አደባባይ ላይ አቋርጠው፣ በሌላው በር ወደ መንደሩ ይወርዳሉ! የወንዙ መንገድ ይህ አለው?

ጥሩምባው ለሦስተኛ ጊዜ ተነፋ። ገጾቹ ሁሉ አብረው አሉ። በርቺ!

*

ከሱቁ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ጽሕፈቴ የተንጋደደው ስለቸኮልኩ ነው፤ ጠረጴዛው ግን አንካሳ አይደለም።

ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጣ። እኔ መሄድ ስለማልችል ብሎ ሳይሆን «አላለቀም» እንድለው ቸኩሎ ነው። መጽሐፉን ሰጠሁት። ቆሞ ጀመረ። አራተኛው ገጽ ላይ በርጩማዎ ላይ ተቀመጠ። ግሪስ እንዳለበት ልነግረው ነበር፣ ዳኛው በዓይኑ «ተዪው» አለኝ።

«ይህን ማን ጻፈው?» አለኝ፣ «‹እዚህ ወርደህ ግፋ፤ ማንም አያይህም፣ ቢያይህም ጫማህን እንደምታስር ምሰል›?»

«አጎቴ ናቸው።»

አልሳቀም። ገለጠ። ገለጠ። ንብ አናቢው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ልቤ ጀሶው ውስጥ ወረደ።

«በዚህ መታጠፊያ አራት ሰው ወድቋል ነው የምትይኝ?»

«አዎ።»

«እና እንግዶቼን በዚህ ልላክ?»

«ከነጩ ድንጋይ ጀምሮ በእግራቸው ይሄዳሉ። ተጽፏል።»

ከቦርሳው ውስጥ የወንዙን መንገድ መጽሐፍ አወጣ፤ ቀጭን ነው፣ ሥዕሉ ያምራል። «እዚህ ውስጥ» አለኝ፣ «ችግር የሚል ቃል አንድም የለም። መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር፣ አንድ ጉድጓድ የለውም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሳነበው አንድ ነገር እየከነከነኝ ነበር፤ አሁን ገባኝ። ይሄ ሰውዬ መንገዱን አልነዳውም።» ከዚያ የእርስዎን ዘጋና ደረቱ ላይ ያዘው። «ይሄኛው ወድቆበታል።»

ጋሼ፣ ተቀበለው! ጥር 6 ቀን አሥራ ሁለቱ እንግዶች ይነሣሉ፣ መሪያቸውም እኔ ነኝ! ዳኛው ብድግ ብሎ «ፍርዱ ጸንቷል!» አለና ጠረጴዛውን በመፍቻ መታው። ሥራ አስኪያጁ ሲወጣ የሱሪው መቀመጫ ላይ የበርጩማዎ ቅርጽ ነበር።

ጀሶዬ ኅዳር አጋማሽ ላይ ይፈታል። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንድነዳ ፈቅዷል። እፈራለሁ፤ የተዘጋጀው መጽሐፉ እንጂ እግሬ አይደለም። ይምጡና ያለማምዱኝ። ሱቁን ናፍቀውታል፣ እኔንም።

ጥድፊያዎ

*

ከመጨረሻው ግንብ፣ ከግድግዳው ላይ
ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን

ለጥድፊያ፤

ሾፌሩ ትናንት ባደረሰኝ፣ ከሸማኔዎቹ መንደር በጻፍሽው ካርድ «ሱቁን ማን እየጠበቀ ነው? ለምንስ ቤትዎ የሉም?» ብለሻል። ሱቁን ዳኛው እየጠበቀ ነው። ነፋስ በነፃ እየሞላ ሊያደኸየኝ ነው፣ ይሁን። ቤቴ ያልሆንኩት በአውቶቡስ ቀድሜሽ እዚህ ስለመጣሁ ነው። ጠባቂዋ እህቷ ዘንድ ወርዳ «እስክመለስ በሩ ያንተ ነው» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። በሕይወቴ ግንብ ተሰጥቶኝ አያውቅም፤ ከጠዋት ጀምሮ በአደባባዩ ላይ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እየተንጎራደድኩ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ በጓሮው መንገድ ላይ ከኋላሽ ኮርቻሽን ይዤ ስሮጥ ስንት ጊዜ «አይልቀቁኝ!» እንዳልሽኝ ለእንግዶችሽ አልነግርም። ምናልባት ለአንዱ። ጠዋት ጠዋት አንካሳ እግርሽ ፔዳሉን ሲፈራው አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ይህን ዳገት እንድትገፊው እንጂ እንድትነጂው አልጠብቅም፤ እኔም ገፍቼዋለሁ፣ በመጽሐፉም ላይ «ግፋ» ብዬ ጽፌያለሁ፣ አላፍርበትም፤ ይልቅ ውሃ ቀድቼ...

ቆይ። ከታች አቧራ አየሁ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ዛፉ ከለለኝ... ዘጠኝ፣ አሥር... አሥራ ሦስት! ሁሉም አሉ! ሙሉ ናቸው፣ አንድም አልጎደለም! ዳገቱ ሥር ደረሱ። እየወረዱ ነው፤ አንዱ ወረደ፣ ሁለቱ ወረዱ፣ ሁሉም እየገፉ ነው። አንዷ ብቻ አልወረደችም። ከፊት ያለችው። ቀይ ሹራብ የለበሰችው።

ውረጂ እንጂ! «ግፋ» ይላልኮ! ማንበብ አትችይም?

ከኮርቻዋ ላይ ብድግ ብላ ፔዳሉ ላይ ቆመች። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ያ እግር! ያ የተሰበረ እግር! መታጠፊያውን አለፈች። ከኋላ የሚገፉት ቆመው እያጨበጨቡላት ነው። እኔም ላጨብጭብ ብዬ ብዕሩን አንድ ጊዜ ጥዬዋለሁ፤ ለዚህ ነው ቀለም የፈሰሰው።

አሁን በሩ ሥር ነሽ። ትንፋሽሽ እስከዚህ ይሰማል። «ጋሼ! ጋሼ፣ ይክፈቱ!» እያልሽ በጡጫሽ እየደበደብሽ ነው።

መጣሁ፣ መጣሁ! ምን ይህ ሁሉ ጥድ...